ከሐይቁ እስከ ዘርፉ ደጅ

አብተው በዕድሜው ከልቡ የሮጠው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱንም ወድዶ አይደለም። እንዲያም ሆኖ በ1975 ዓ.ም. ናዝሬት ውስጥ፣ በቀበሌያቸው የስፖርት መዝገብ ላይ «የረጅም ርቀት ሯጭና የቡድን መሪ» ተብሎ የተጻፈው እሱ ነበር። የጻፈውም እሱ ነው።

ያን ጊዜ አርባ ሁለት ዓመቱ ነው። በአንድ የዘይት መጭመቂያ ድርጅት መዝገብ ቤት ይሠራል፤ ደብዳቤ ያረቅቃል፣ ፋይል ያወጣል፣ ፋይል ይመልሳል። አጠር ብሎ ሞላ ያለ ሰው ነው፤ ሸሚዙ ሆዱ ላይ ሁለት ቁልፍ አይገጥምለትም። የእጅ ጽሑፉ ግን ያምር ነበር። ሠርግ የሚጠራም፣ ክስ የሚያመለክትም፣ የሰፈሩ ሰው የሚሄደው እሱ ዘንድ ነው። «አብተው ከጻፈው ያልሆነውም የሆነ ይመስላል» ይሉት ነበር። ጣጣውን ያመጣበትም ይኸው ችሎታው ነው።

ነገሩ የተጀመረው በእሁድ ውይይት ነው። በዚያ ዘመን እሁድ ጠዋት ከሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ነዋሪው ሁሉ የቀበሌው አዳራሽ ይገባል። የናዝሬት ፀሐይ ቆርቆሮውን እያጋለች፣ ሰው በአግዳሚ ላይ ተደርድሮ ከመጽሔት የተቀነጨበ ጽሑፍ ይነበብለታል። ከዚያ «ጥያቄ ያለው?» ይባላል። ጥያቄ ያለው የለም። ስለዚህ ጥያቄ ለምን እንደጠፋ አንድ ሰዓት ውይይት ይደረጋል። የቀረ ሰው ስሙ ይጠራል፤ ሁለቴ የቀረ ደግሞ ስኳር ሲታደል የወረፋው ጭራ ላይ ይቆማል።

አንድ እሁድ ታዲያ አብተው እንደ ልማዱ ዓይኑን ገልጦ እያንቀላፋ ሳለ አንድ መመሪያ ተነበበ። በስፖርት የታቀፉ ነዋሪዎች ለውድድር ከከተማ ሲወጡ ከእሁድ ውይይት ነፃ ይሆናሉ፤ የይለፍ ወረቀትም ይሰጣቸዋል። በየሰኞው ሪፖርት ያቀርባሉ።

አብተው ነቃ። አጠገቡ የተቀመጠውን ጎረቤቱን ደሊልን በክርኑ ጎሸም አደረገው።

«ሰማህ?»

«ምኑን?»

«ከዛሬ ጀምሮ ሯጮች ነን።»

ደሊል ወደ አብተው ሆድ ዝቅ ብሎ አየ። «እኔስ እሺ፤ ይሄንን ማን ይሸከምልሃል?»

ደሊል የወሎ ሰው ነው፤ ልብስ ሰፊ፣ ቀጭን፣ እግረ ረጅም። ሁለቱ በአንድ ግቢ ውስጥ ግድግዳ ተጋርተው አሥራ ሦስት ዓመት ኖረዋል። ልጅ ሲወለድ፣ ሰው ሲሞት፣ ጣሪያ ሲያፈስ አንድ ናቸው። ገበታ ላይ ብቻ ነው የሚለያዩት። ፋሲካ ሲሆን የአብተው ቤት ዶሮ ይሠራል፤ ደሊል ተጠርቶ ይመጣና ለብቻው ሽሮ ይቀርብለታል። ኢድ ሲሆን ደሊል ቤት በግ ይታረዳል፤ አብተው ተጠርቶ ይሄድና ምስር ይበላል። አንዱ አጥንት ሲግጥ ሌላው ሽሮ እያጣቀሰ «በል ብላ እንጂ!» ይባባላሉ። ማንም ቅር አይለውም፤ የሁሉም ጎረቤት ኑሮ እንዲሁ ነው። አብተው ግን ሆዳም ነበር፤ ሆዳም ደግሞ ብቻውን መብላት አይወድም።

መፍትሔውን ያገኙት ዝዋይ ነው። ለአንድ ዘመድ ለቅሶ አብረው ወርደው ሲመለሱ እርቧቸው ወይዘሮ ዘርፉ ቤት ገቡ። ዘርፉ ከሐይቁ ወደ ከተማው በሚወስደው መንገድ ዳር ትንሽ ምግብ ቤት አላት፤ ዓሣ ብቻ ነው የምትሠራው። ሁለቱ በር ላይ ቆመው «እኔ የሱን አልበላም፣ እሱ የኔን አይበላም» እያሉ ሲያስረዷት ወገቧን ይዛ አዳመጠቻቸውና ሳቀች።

«ዓሣን ማን ያርደዋል? በስመ አብ የለው፣ ቢስሚላሂ የለው! ከውኃ ወጣ፣ ሞተ፣ አለቀ። ድስቴም ሥጋ አይቶ አያውቅም። ግቡ!»

ገቡ። የተጠበሰ ቆሮሶ ዓሣ፣ ከነራሱ ከነጭራው፣ በአንድ ትሪ ቀረበላቸው። በአሥራ ሦስት ዓመት ጉርብትና እጃቸው ትሪ ላይ ሲጋጭ ያ የመጀመሪያው ነበር። ደሊል ይህን ሲያወራ «አብተው አለቀሰ» ይላል፤ አብተው ደግሞ «ሚጥሚጣው ነው» ይላል።

እንግዲህ «የአንጋፋ ሯጮች ቡድን» የተቋቋመው ለዚህ ነው። አባላቱ ሁለት ናቸው። እሁድ ማለዳ በመጀመሪያው አውቶቡስ ይሳፈራሉ፤ ሞጆን አልፈው፣ ኬላው ላይ ይለፋቸውን አሳይተው፣ ቆቃን፣ መቂን እያሉ ዝዋይ ይገባሉ። ቀጥለው ዓሣ አጥማጆቹ ጀልባ ከሚያቆሙበት የሐይቁ ዳር ተነሥተው እስከ ዘርፉ ደጅ ይሮጣሉ። ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደሊል በእውነት ይሮጣል፤ እግሩ ሲፈጥረው እንዲያ ነው። አብተው እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ ይሮጣል። እዚያ ፈይሳ የሚባል ባለጋሪ ይጠብቀዋል። አብተው ጋሪው ላይ ይወጣና፣ ዘርፉ ደጅ ሊደርስ ሃምሳ እርምጃ ሲቀረው ይወርዳል፣ ፊቱን ውኃ ይረጫል፣ እያለከለከ ይደርሳል። ደሊል ያውቃል። ዘርፉም ታውቃለች። ዝዋይ በሙሉ ያውቃል።

ሰኞ ደግሞ ሪፖርት ይጻፋል። «ቡድናችን ከዝዋይ ሯጮች ጋር ባደረገው የወዳጅነት ውድድር እልህ አስጨራሽ ትግል አድርጎ በሰፊ ልዩነት አሸንፏል። ነፋሱ ከፊት ነበር።» አብተው የሚኮራው በመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ነው። «ማሸነፍንማ ማንም ይጽፋል» ይላል፤ «ነፋሱን የሚጽፍ ግን እዚያ የነበረ ሰው ይመስላል።»

ሚስቱ አሰለፈች ብቻ ናት ያላመነችው። «ምን ዓይነት ሩጫ ነው ቀበቶ የሚያሰፋ?» ትለዋለች።

አሥራ አንድ ሪፖርት እንዲህ ገባ። በአሥራ ሁለተኛው ሰኞ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ሙሉብርሃን አብተውን ቢሮው አስጠራው።

ሙሉብርሃን ቀድሞ የሂሳብ አስተማሪ ነበር። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ካኪ ልብሱ እንደተተኮሰ ይውላል፤ ደረት ኪሱ ላይ አንድ ሰማያዊ፣ አንድ ቀይ እስክሪብቶ ይሰካል። ሲስቅ ያየው የለም። በዚያው ሰሞን አዳራሹ ውስጥ ቆሞ «ጾም ምርት ይቀንሳል» ብሎ ሰዓት ሙሉ የተናገረ ሰው ነው።

«አሥራ አንድ ጊዜ ተወዳድራችሁ አሥራ አንድ ጊዜ አሸንፋችኋል» አለው፣ ወረቀቶቹን በጣቱ እየቆጠረ።

«በጓዶች ድጋፍ ነው።»

«ነፋሱም አሥራ አንድ ጊዜ ከፊት ነበር።»

አብተው የማይገጥመውን የሸሚዙን ቁልፍ ሊገጥም ታገለ።

«ከተሸናፊዎቹ አንዱን በዓይኔ ማየት እፈልጋለሁ። እሁድ አብሬያችሁ እወርዳለሁ። እውነት ከሆነ ወደ በላይ አስተላልፌ አስመሰግናችኋለሁ። ሐሰት ከሆነ ይለፉ ይሰረዛል። አንተ ደግሞ አዳራሽ ቆመህ ግለ ሂስ ታደርጋለህ፤ በየእሁዱ አንድ ሪፖርት።»

አብተው ከዚያ ወጥቶ ቀጥታ የሄደው ደሊል ሱቅ ነው። ደሊል የስፌት መኪናውን አቁሞ ሰማው።

«ግለ ሂሱስ ይሁን» አለ አብተው በርጩማ ላይ ዘፍ ብሎ። «አሥራ አንድ እሁድ ነው፤ ያልፋል። ይለፉ ከሄደ ግን ዝዋይ ሄደ። ዝዋይ ከሄደ መቼ ነው ከአንድ ትሪ የምንበላው?»

«ሽሮ አለ እኮ። እሱን ሁለታችንም እንበላለን።»

«ሽሮ አብሮ መብላት አብሮ መብላት ነው? አብሮ መጾም ነው እንጂ!»

ደሊል ክር በጥርሱ በጠሰና ጥቂት አሰበ። «እንግዲያው የሚሸነፍ ሰው እንፈልግ።»

ሳይውል ሳያድር እዚያው ደሊል ሱቅ፣ የልብስ መለኪያ ደብተር ላይ፣ አብተው ለዘርፉ ደብዳቤ ጻፈ። ሁለት ነገር ነው የለመናት። አንደኛ፣ ሦስት የሚሸነፉ ሰዎች ታዘጋጅ። ሁለተኛ፣ አብሮ የሚመጣው እንግዳ ትልቅ የአብዮት ሰው ነውና፣ ሁዳዴም ቢሆን ጾም የማያውቅ ነውና፣ በቤቷ ተሠርቶ የማያውቅ ምግብ ሠርታ ታስደስተው። ደብዳቤውን ለአውቶቡስ ሾፌር ሰጠ። ከጻፋቸው ደብዳቤዎች ሁሉ ይህቺ ሁለተኛዋ ልመና ነች የጸጸተችው።

ስለ ሁዳዴው አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለው ክርክር በዚያ አገር ዛሬም አላለቀም። አብተው «ይበላል» ከሚሉት ነው። የነፍስ አባቱን ሲጠይቃቸው ዝም ይሉታል፤ ዝምታቸውን በፈለገው በኩል ተረጎመው። «አይበላም» የሚሉም ሞልተዋል፤ እነሱ ዓሣ አጠገብ ሲያልፉ እንኳ ፊታቸውን ያዞራሉ።

እሁድ ደረሰ። ሙሉብርሃን አውቶቡሱ ውስጥ በሁለቱ መሐል ተቀመጠ። ሞጆ ላይ ደሊል በመስኮት የተቀቀለ እንቁላል ገዛና አቀረበለት።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ እንቁላል ይውሰዱ።»

«በማንበብ ላይ ነኝ» አለ ሙሉብርሃን። በእርግጥም ጋዜጣ ይዞ ነበር፤ ደሊል ግን የተዘቀዘቀ መሰለው።

ዝዋይ ሲደርሱ ሙሉብርሃን ትእዛዝ ሰጠ። እሱ ሰዓት ይዞ ዘርፉ ደጅ ይቆማል፤ ሯጮቹ ልክ አራት ሰዓት ሲሆን ከሐይቁ ይነሣሉ። አብተውና ደሊል ወደ ሐይቁ ወረዱ። ዘርፉ ቃሏን ጠብቃለች፤ ሁለት ዓሣ አጥማጆችና ራሱ ባለጋሪው ፈይሳ ሱሪያቸውን ጠቅልለው ቆመዋል። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ሳይቀሩ ከጀልባዎቹ ጎን ተደርድረው ያያሉ። ወሬ ስለተሰማ የገበያው ሰው ግማሹ መንገድ ዳር ወጥቷል።

ፈይሳ አብተውን ወደ ዳር ሳበው። «አካም ጅርቱ፣ ኦቦ አብተው። እኔ መሸነፍ አልችልም።»

«ዘርፉ አልነገረችህም?»

«ነገረችኝ። ግን ይዩ፣ አገሩ ሁሉ ወጥቷል። እነዚህ ሁሉ እያዩ ለልብስ ሰፊ ልሸነፍ?»

«ለአንድ ቀን ነው፣ ፈይሳ!»

«ፈረሴም ያያል» አለ ፈይሳ፤ ነገሩ በዚያ አለቀ።

አራት ሰዓት ሲሆን ተነሡ። ፈይሳ እንደ ጥይት ወጣ። ደሊል «እስቲ ዛሬ!» ብሎ ተከተለው። ሁለቱ ዓሣ አጥማጆች ለመሸነፍ ቃል ገብተዋልና ቃላቸውን አከበሩ፤ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ስለ መረብ እያወሩ በእርምጃ መጡ። አብተው እነሱንም ማለፍ አልቻለም። ባለጋሪ የለ፣ መታጠፊያው ላይ የቆመ ፈረስ ብቻ። ዓሣ አጥማጆቹ ሦስት ጊዜ ቆመው ጠበቁት።

«ኦቦ፣ በርታ ይበሉ እንጂ! ልንሸነፍ እኮ ነው የመጣነው!»

ሙሉብርሃን ደጁ ላይ ቆሞ ሁሉንም መዘገበ። ፈይሳ ሰባት ደቂቃ። ደሊል ሰባት ደቂቃ ተኩል። አብተው፣ ከሁለቱ ተሸናፊዎች ኋላ፣ ሃያ ሁለት ደቂቃ። ሰዓቱን ኪሱ ከተተና ትንፋሽ ያጠረውን አብተውን አየው።

«ዛሬስ ነፋሱ በየት በኩል ነበር?»

ገብተው ተቀመጡ። ሙሉብርሃን ፋይሉን ገበታው ላይ ዘረጋ። ቀዩን እስክሪብቶ አወጣ። «ይለፉን አምጣ» አለ። አብተው ከደረት ኪሱ አውጥቶ አስቀመጠለት፤ ላብ አርሶት ነበር። ሊቀመንበሩ ወረቀቱን ገልብጦ በጀርባው መጻፍ ጀመረ። ከፊት ለፊት ሆኖ የተገለበጠ ጽሑፍ ማንበብ የአብተው የመዝገብ ቤት ሙያ ነው፤ ፊደሎቹን አንድ በአንድ አየ። «ቡድኑ ከዛሬ ጀምሮ» ይላል። እስክሪብቶው ቀጣዩን ቃል ሊጥል ሲል ዘርፉ ትሪ ተሸክማ መጣች።

«ዞር አድርጉልኝ ወረቀታችሁን! ይሄ ለጓድ ሊቀመንበር ነው፤ የዓሣ ዱለት፣ በለጋ ቅቤ፣ አይቡም ጎኑ አለ። ሁዳዴ ከገባ እዚህ ቤት ቅቤ ሲወጣ የመጀመሪያው ነው። ለርስዎ ስል ከጎረቤቴ ከቶይባ ቤት ነው ያመጣሁት።»

ቅቤው ዱለቱ ላይ እየተንጠባጠበ ያበራል። የሙሉብርሃን እስክሪብቶ ቆመ።

«አሁን አልራበኝም» አለ።

«ሳይርብዎ ነው እንዲህ የገረጡት? ኧረ ይብሉ!»

አብተው ሊቀመንበሩ በሩጫው የተቆጣ መሰለው። «እባክዎ ጓድ፣ ሌላው ሌላ ነው፤ ምግብ ምን አደረገ?» ብሎ ትሪውን ይባስ ወደ እሱ ገፋለት። ሙሉብርሃን ወንበሩን ትንሽ ወደ ኋላ አደረገ።

በዚህ መሐል ደጅ ላንድሮቨር ቆመና ሁለት ሰዎች ገቡ። የአካባቢው ካድሬዎች ናቸው፤ አንደኛው ግዙፍ፣ ድምፁ ቤት የሚሞላ፣ ሌላው ከሱ ኋላ ኋላ የሚስቅ። ግዙፉ ሙሉብርሃንን ሲያይ ክንዱን ዘረጋ።

«ጓድ ሙሉብርሃን! ከናዝሬት ድረስ! ኑ እጃችንን እንታጠብ።» ሳይጠሩ ተቀመጡ። ግዙፉ ትሪውን አየና ሳቀ። «ቅቤ! በሁዳዴ! አየህ፣ ሰው ማለት ይሄ ነው። የናዝሬት ጓዶች በጓዳ ይጾማሉ እየተባለ ይወራል፤ እኔ ግን ሙሉብርሃንን አውቀዋለሁ ብያለሁ። በል አፍህን ክፈት!»

ጉርሻውን ጠቀለለ። የሕፃን ራስ ያህላል። ቅቤው ክርኑ ድረስ ወረደ።

ሙሉብርሃን ከንፈሩን አልከፈተም። አብተው ያኔ ነው ዓይኑ ገበታው ሥር የወደቀው። የሊቀመንበሩ ቀኝ አውራ ጣት፣ ካኪ ሱሪው ጉልበት ላይ፣ ቀስ ብላ መስቀል ትሠራለች። ወደ ታች፣ ወደ ጎን። ወደ ታች፣ ወደ ጎን።

አብተው ሁሉ ነገር አንድ ላይ ገባው። እንቁላሉም ገባው። ቅቤውን ያስመጣው እሱ ራሱ መሆኑም ገባው። ዝም ቢል ሰውየው ወይ ጾሙን ይገድፋል ወይ ወንበሩን ያጣል፤ በሁለቱም በኩል ይለፉን የሚያስታውስ የለም። አብተው ይህንን አስቧል፤ አላሰብኩም ብሎ አያውቅም። ግን ያቺን አውራ ጣት ካየ በኋላ ዝም ማለት አልሆነለትም።

ብድግ አለ። «ኧረ ጓዶች ተዉ! ሊቀመንበሩ ገና አልሮጡም!»

ጉርሻው አየር ላይ ቆመ። «ምን?»

«ሁለተኛ ዙር አለ እኮ። የመሪዎች ዙር። ሳይሮጥ የሚበላ የለም፤ የቡድናችን ደንብ ነው።»

«በጽሑፍ ያለ ደንብ?» አለ ግዙፉ ካድሬ፣ ዓይኑን ጠበብ አድርጎ።

«አንቀጽ አራት» አለ አብተው፤ ዓይኑ እንኳ አልተርገበገበም።

ሁሉም ወደ ሙሉብርሃን ዞሩ። ሙሉብርሃን አብተውን አየው፣ ጉርሻውን አየው፣ እስክሪብቶውን ኪሱ ሰካና ተነሣ።

«አንቀጽ አራት ነው» አለ።

«ታዲያ ይሄን ምን ላድርገው?» አለ ካድሬው፣ ቅቤው እየተንጠባጠበ።

«ለኔ ይሁን» አለ ደሊል። «እኔ ሮጬ ጨርሻለሁ።» አፉን ከፈተ፤ ጉርሻው ሙሉውን ገባ። ደሊል ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ አልተናገረም።

አብተው ያሰበው እስከ መታጠፊያው ሄደው ከግድግዳ ጀርባ ቁጭ ብለው እንዲያርፉ ነበር። ሁለቱ ካድሬዎች ግን ነገሩን ወደዱት። «ይሄንንማ ማየት አለብን» ብለው ላንድሮቨራቸው ውስጥ ገቡና ጥሩምባ እየነፉ ከኋላ ተከተሏቸው። ስለዚህ መሮጥ የግድ ሆነ። የዝዋይ ሰው፣ የናዝሬት ቀበሌ ሊቀመንበር በቆዳ ጫማና በካኪ ልብስ፣ ጎኑ ላይ አንድ አጭር ወፍራም ሰው አስከትሎ፣ ዋናውን መንገድ ይዞ ሲበር አየ። ሙሉብርሃን ሯጭ ነበር! ማን ያውቅ ነበር? አስተማሪ ሳለ ኳስ ይጫወት ነበር። አብተው እንዳይቀደም፣ ከተቀደመም ብቻውን ከካድሬዎቹ ጋር እንዳይቀር፣ ነፍሱ እስክትወጣ ሮጠ። ያ ነው እንግዲህ ከልቡ የሮጠበት ቀን።

«ቀስ... ጓድ... ቀስ» ይላል።

«ከኋላችን አሉ?» ይላል ሙሉብርሃን ሳይዞር።

«አሉ።»

«እንግዲያው አትቁም!»

ከመንገዱ አጋማሽ ላይ ላንድሮቨሩ ወደ ሻሸመኔ መንገድ ታጠፈ፤ ግዙፉ በመስኮት ወጥቶ «በርቱ ጓዶች!» ብሎ ጮኸና ሄደ። ሁለቱ ግን «ይመለሱ ይሆናል» ብለው ሐይቁ ድረስ አላቆሙም። ውኃው ዳር ሲደርሱ ሣሩ ላይ ወደቁ። አብተው እንደ ዓሣ አፉን ይከፍታል ይዘጋል። ሊቀመንበሩ ጫማውን አውልቆ እግሩን ውኃ ውስጥ ከተተ።

«እናቴ ናት» አለ ሙሉብርሃን ድንገት።

አብተው በክርኑ ተደግፎ ወደ እሱ ዞረ።

«አብራኝ ነው የምትኖረው። በሁዳዴ ማታ ስገባ አፌን ታሸተኛለች።»

«ሊቀመንበር ሆነው?»

«ሊቀመንበርነቴን አታውቅም፤ ጸሐፊ ነኝ ነው ያልኳት።»

አብተው ሳቁን ሊይዝ ሞከረ፤ አልቻለም። ሣሩ ላይ ተንከባለለ። ሙሉብርሃን መጀመሪያ ቆጣ ብሎ አየው፤ ቀጥሎ የከንፈሩ ዳር ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ እሱም ሳቀ። ሳቁ እንደተዘጋ በር ነው፣ ሲጥ ሲጥ እያለ ነው የተከፈተው።

«ዓሣ ብቻውን ቢሆን ግን፣ ያለ ቅቤ፣ እኔ እንደሚመስለኝ...» ብሎ ጀመረ አብተው።

«አትከራከረኝ። እሷን አታውቃትም።»

በእግራቸው፣ ቀስ ብለው ተመለሱ። ደሊል ትሪውን ጠርጎ ጨርሶ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል። ዘርፉ ከሊቀመንበሩ ፊት ትንሽ ቆማ አየችውና፣ ማንም ሳይነግራት፣ ምንም ሳትጠይቅ፣ ወደ ጓዳ ገብታ ለራሷ የሠራችውን የሽምብራ አሳ ከነድስቱ አመጣች፤ ከዓሣ ጋር በስሙ ብቻ የሚዛመድ የጾም ምግብ ነው። ለአብተውና ለደሊል የተጠበሰ ቆሮሶ ጨመረች። ሁሉም በአንድ ትሪ፣ እያንዳንዱ በየፊቱ ያለውን በላ። ሙሉብርሃን እንደ ተራበ ሰው ነው የበላው። ከጨረሰ በኋላ እጁን ታጠበ፣ ፋይሉን ወደ ራሱ ሳበና ይለፉን ገለበጠ።

አብተው መዋጥ አቆመ።

ቀዩ እስክሪብቶ ከቆመበት ቀጠለ። «ቡድኑ ከዛሬ ጀምሮ» ከሚለው ቀጥሎ «ሦስት አባላት አሉት» ብሎ ጻፈ። ፈረመ። ማኅተሙን ሰኞ እንደሚመታበት ተናገረ።

ደሊል «አልሐምዱሊላህ» አለ። አብተው የሊቀመንበሩን እጅ በሁለት እጁ ያዘ፤ ስንት እሁድ፣ ስንት ትሪ ከፊቱ እንደታየው ከዓይኑ ያስታውቅ ነበር።

«ቆይ» አለ ሙሉብርሃን። ፊቱ ወደ አስተማሪነቱ ተመልሷል። «አንድ ነገር አለ። ያ አንቀጽ አራት በጽሑፍ የለም አይደል?»

«የለም» አለ አብተው፣ እየሳቀ።

«ሰኞ ጽፈህ ታመጣለህ። ሁለት ኪሎ ሜትሩን በሰዓት ለክቼ ነው የማስገባህ፤ ሳይሮጥ የሚበላ የለም። ሃያ ሁለት ደቂቃ ለቀበሌው ውርደት ነው። እስከ ፋሲካ አሥራ ሁለት ታደርገዋለህ። ጋሪውንም ሰምቻለሁ።»

አብተው ወደ ዘርፉ ዞረ። ዘርፉ ወደ ጣሪያው ታያለች።

«መናኸሪያው ከዚህ ምን ያህል ይርቃል?» ሲል ሙሉብርሃን ጠየቀ።

«አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ቢሆን ነው» አለ ደሊል፣ ነገሩ ሳይገባው።

ሊቀመንበሩ ጎንበስ አለና የጫማውን ክር ማጥበቅ ጀመረ።